ጀግናው ግንደወይን ሲወርድ

የሴራ ልብ ወለድ ጀግና ምንም የማያውቅ ምስኪን ነው። መምህር ይሆናል፣ ሐኪም ይሆናል፣ የባንክ ሠራተኛ ይሆናል፤ ጠዋት ሲወጣ ሐሳቡ ማታ ገብቶ ራቱን መብላት ነበር። መንገድ ላይ ግን አንድ የቆሰለ ሰው ክንዱ ላይ ይወድቅና ግማሽ ቃል ነግሮት ይሞታል። ግማሽ ብቻ! ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ የሞተ ሰው በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ አላጋጠመኝም። ከዚያ ሽሽት ነው። ፖሊስ ዘንድ አይሄድም፤ ፖሊሱም «የእነሱ» ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ቡካን እ.ኤ.አ. በ1915 «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች»ን ሲጽፍ ጀግናውን ከለንደን አስወጥቶ ማንም ወደማያውቀው ገጠር ሰደደው። የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1935 ፊልም አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የተሰደደ ተራ ሰው ሁሉ መሸሸጊያው ገጠር ሆነ።

እስቲ እኛም ይህን ጀግና ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ አሳፍረን ግንደወይን ላይ እናውርደው። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ለመደበቅ ትመች ይሆናል።

አትመችም። ገና ቦርሳውን ሳያወርድ ቡና የምታፈላዋ «ወንድሜ፣ እንግዳ ነህ መሰል?» ትለዋለች። እሱም ሚኒባሱ ላይ የተለማመደውን የውሸት ስም ይነግራታል። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ በስም አይረኩም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ጀግናው የመጣለትን አባት ይጠራል። «እህ! የእነብሴው? እናትህ ደኅና ናት? ያ የወሰን ክርክርስ አለቀላችሁ?» የውሸት ስሙ ግማሽ ቀን ሳይሞላው እናት፣ አጎትና የመሬት ክስ ያወጣል።

አሳዳጆቹም አይቀናቸውም። ጥቁር ኮትና ጥቁር መነጽር አድርገው ከመኪና ሲወርዱ ነጋዴው ግብር ሊተምኑ የመጡ መስሎት ሱቁን ይዘጋል። ጀግናውን ሲያጠያይቁ ቤቱ ድረስ ሊወስዳቸው የማይነሣ የለም፤ ነገር ግን «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም!» ይባላሉ። አቦልን ቀምሶ በረካን ትቶ መነሣት ደግሞ ነውር ነው። አሳዳጅና ተሳዳጅ አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ፈንዲሻ ሲቃመሱ ልብ ወለዱ ገጽ ሠላሳ ላይ ይሞታል።

ደራሲዎቻችን ግን እንዲህ ዓይነት ልብ ወለድ መጻፍ አላቃታቸውም። ማሞ ውድነህ በስለላ መጻሕፍታቸው፣ ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቹ አንባቢን እንቅልፍ ነሥተዋል። ይስማዕከ ወርቁም በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ የጣና ገዳማትንና የውጭ አገር ሰላዮችን አንድ ላይ ከቶ መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ። ያን ሰሞን ገዳም ሊሳለም የሄደ ጎረምሳ መነኩሴውን የሚያየው በጥርጣሬ ነበር፤ ከቆባቸው ሥር ምን ደብቀው ይሆን?

የእኔ ትዝብት አንባቢው ላይ ነው። መጽሐፉን ዘግተን መደርደሪያ ላይ እንመልሳለን፤ የሴራ ልብ ወለዱን ሥርዓት ግን ይዘነው እንወጣለን። ሰውየው አረቄ ቤት ገብቶ ግራ ቀኙን ይገላምጣል፤ ስልኩን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺን ከአንተ በቀር የነገርኩት ሰው የለም» ይላል። ማታ ያቺው ወሬ ከልብስ ሰፊው ዘንድ አንድ ሚኒስትርና ሁለት ፈረንጅ ተጨምሮባት ትመለሳለች። ትራንስፎርመር ሲቃጠል እጅ አለበት፤ ዘይት ሲወደድ እጅ አለበት፤ ብልሽትና አጋጣሚ የሚባሉ ነገሮች ከአገር ጠፍተዋል። «እየተከታተሉኝ ነው» የሚለውም አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የሚከታተለው የእቁቡ ሰብሳቢ ነው። ማንም የማይከታተለው ሰው መሆኑን ቢያውቅ ግን ከዚያ የባሰ ይደነግጣል።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚያስቀናኝ አንድ ነው፤ ክፉው ሰው ሽጉጡን ደግኖ ከመተኮሱ በፊት አሥር ገጽ ሙሉ ሴራውን ያብራራል። ማን አዘዘ፣ ለምን፣ ገንዘቡ የት ገባ፣ አንድም ሳያስቀር! የእኛ አገር ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ከሚለው የቢሮ ሰው የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ቢያገኝ ሽጉጡንም ባልጠላ።

ተራ ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ ለማየት ልብ ወለድ አላስፈለገንም። ከሞጣ ወዲያ አባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጧል። ለአሥርታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ በቆሙ ጎበዞች እየተጎተተ ገደሉን ተሻግሯል። ሂችኮክ ቢያየው ሙዚቃ ያስገባበት ነበር። ተሻጋሪው ግን ገበያተኛ ነበር፤ ማዶ ሲደርስ ነጠላውን አስተካክሎ የእህሉን ዋጋ ይጠይቅ ነበር። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ሰው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄደው መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቆ ነው። ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ስለነበር ኮምፒውተሩን ከፍቶ በደቂቃ የጠላትን ምስጢር የሚበረብረው ጀግና እዚህ ቢመጣ ሥራ ፈት ይሆን ነበር።

እውነተኛው ሴራ ሲመጣ ሥርዓቱን አይጠብቅም። ደራሲው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተሰኘ ልብ ወለዱን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ግማሽ ቃል የነገረን ቁስለኛ የለም፤ ሽጉጡን ደግኖ አሥር ገጽ ያብራራ ሰውም እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንተም ወዳጄ፣ ዛሬ አመሻሽ ግራ ቀኝህን ገላምጠህ ስልክህን ከመድፋትህ በፊት የእቁብህን ክፈል። የሚከታተልህ ሰው ያን ጊዜ ይተውሃል።