ገንቢ አስተያየት

የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያትን ተውሶ አዲስ ታሪክ የሚጽፍ ወጣት «ገንቢ አስተያየት ስጡኝ» ሲል ምስጋና እንደሚጠብቅ ሁሉም ያውቃል። ተጋባዡ ግን ነገሩን ከምር ይይዘውና የግምገማ መድረክ ይከፍታል። ሂሱ ይዘንባል፤ ግለ ሂስ ይጠበቃል።

በ1958 ዓ.ም. ከታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከሞት አትርፎ ከሰብለ ወንጌል ጋር ጎጆ ያስወጣ ልጅ አለ እንበል። አንዱ ተቺ «ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?» ብሎ በሟች ስም ይቆጣል። ሌላው ታሪኩን ትቶ የ«ሀ»ን እና የ«ሐ»ን ቦታ ሲያርም ያመሻል። ሦስተኛው «ጉዱ ካሣ ለምን ዝም አሉ?» ይልና እሳቸው ሊናገሩት ይገባ ነበር የሚለውን ገጽ በገጽ ራሱ ይጽፈዋል። (ይህኛው እንኳ ተቺ አይደለም፤ ሁለተኛ ደራሲ ነው። ቢነግሩት ግን ይቀየማል።) አንዲት አንባቢ ብቻ «በዘራቸው የሚኮሩት የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሠርጉን እንዴት ፈቀዱ? ምን ቢደርስባቸው ነው የለዘቡት?» ብላ ትጠይቃለች። ታሪኩን ሊያቃና የሚችል ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይሰማትም።

«ግሩም ነው፣ በርታ!» ባዮችን አልነካም። አንብበውት አይመስለኝም።

ልጁ እንደሆን ሳንቲም አልተከፈለውም፤ የጻፈው መጽሐፉን ስለሚወድ ነው። ሠርጉ ያስከፋችሁ ካላችሁ ዋናው መጽሐፍ አሁንም በየመደብሩ ይሸጣል፤ እዚያ በዛብህ እንደ ሞተ ነው።