መቆሚያ ሠርቶ መቀመጫ ማሳጣት

ክሱ አንድ ነው፦ «የወረቀት ሮኬት ቀለም ሲቀባ የሚቆምበትን ነገር ከመጥረጊያ እጀታ ሠርቷል።» ከሳሾቼ ግን ብዙ ናቸው። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ሐበሻ ቡና ይዞ ሲቀመጥ ወሬው የቤት ዋጋና ኳስ ነበር፤ ሰሞኑን እኔ ሆኛለሁ። በየተራ ተረቡኝ፣ በየተራ መለስኩ። ነገሩን ከእኔ ስሙት፤ ከእነሱ ከሰማችሁት ቀለም ይቀቡታል።

«ለካ ‹ላም አለኝ በሰማይ› የተባለው ላንተ ኖሯል!» ብሎ ጀመረ አንደኛው።

«የዚያች ላም ወተቷ አልታየም። የእኔ ሮኬት ግን ወጥታ በፓራሹት ትመለሳለች። ወጥቶ የቀረው አምና ያበደርኩህ ብር ነው።»

አንዱ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ደግሞ ሒሳብ ይወዳል። «ሞተሩ ስንት ሰዓት ይነዳል?» አለኝ። ሲ6 የሚባለው ሞተር የሚነደው ከ2 ሰኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ይህንኑ ነገርኩት። «ለ2 ሰኮንድ እሳት የሳምንት ቅብ! ያውም መቆሚያው ሳይቆጠር!»

«ለአንድ ቀን ሠርግ ሁለት ዓመት ዕቁብ የጣልከው አንተ አይደለህ? ቪዲዮውን እንኳ እስከ ዛሬ አልከፈትከውም።»

ቀልዱን እዚህ ላይ ልግታውና የሚስቁት ሰዎች ያልጠየቁኝን ልንገራችሁ። ሞዴል ሮኬት ማለት የወረቀት ቱቦ፣ ከባልሳ እንጨት የተቆረጡ ክንፎች፣ አናቱ ላይ የተሰካ ሾጣጣ አፍንጫ ነው። ከአፍንጫው እስከ ክንፉ ሁሉም ቀለም ይፈልጋል። ታዲያ በየት በኩል ይያዛል? ከውጭ የነካችሁት ቦታ ሁሉ ይበላሻል። ያለው አማራጭ ከውስጥ መያዝ ብቻ ነው፤ ማለትም ከታች፣ ሞተሩ በሚገባበት ቀዳዳ።

የተለመደው ትንሹ ሞተር ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 70 ሚሊሜትር ነው። አንዴ ከነደደ በኋላ ባዶ የካርቶን ቀፎ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ይጥለዋል። እኔ አልጥልም። ለዚያ ቀዳዳ በልክ የተሠራ ከእሱ የተሻለ ነገር የለማ! ቀፎውን ከእንጨት ዘንግ ጫፍ ጋር በሙጫ አጣብቃለሁ፣ ሮኬቱ ውስጥ እሰካዋለሁ፣ የዘንጉን ሌላ ጫፍ በከባድ ጣውላ ላይ በበሳሁት ቀዳዳ አቆመዋለሁ። ከላላ አንድ ዙር ወረቀት ፕላስተር ይጠመጠምበታል። አጥብቃለሁ ብሎ ዙሩን ያበዛ ሰው ግን ሲያወጣው ቱቦውን ይቀድደዋል፤ በትንሽ ግፊት የሚገባ፣ ሲገለበጥ የማይወድቅ መሆን አለበት። ሚስጥሩ ይኸው ነው፤ መጥረጊያውን የሰበረው ማን እንደሆነ ካልተጠየቀ በቀር ወጪም የለውም።

«የሞተ ሞተር ትሰበስባለህ በለኛ!» አለ ሥራ ለቆ የከረመው ወዳጃችን።

«እሱ ሞቶም ሥራ አገኘ። አንተ በሕይወት እያለህ ምን ነካህ?»

«በእጄ ይዤ ብቀባውስ?» የሚለውን ጥያቄ ያነሣው ሰው መልሱን ራሱ ያውቃል፤ የልጁን ሮኬት በእጁ ይዞ ቀብቷልና። ቀዩ ቀለም ላይ አምስት ጣቱ እንዳለ ቁጭ ብሏል። «አንተ ቀለም አልቀባህም፤ ለሮኬቱ መታወቂያ አወጣህለት» አልኩት። ሌላው ጋዜጣ ላይ አጋድሞ ቀባ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ሮኬቱ ግማሽ ገጽ ማስታወቂያ ይዞ ተነሣ። «ይኼስ ስፖንሰር አግኝቷል!» ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ከልብስ መስቀያ ሽቦ አጥፎ ጣሪያ ላይ የሚያንጠለጥልም አለ። እሱን አልነቅፍም፣ ግን አላደንቅም። የተንጠለጠለ ሮኬት የስፕሬዩ ትንፋሽ ሲነካው ያኮርፋል፤ ዞሮ ጀርባውን ይሰጣል። ሲከተሉት ይዞራል። በፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ መቆሚያ የሚሠሩት ይሻላሉ፤ ክርንና መገጣጠሚያው ተዘጋጅቶ ስለሚሸጥ መጋዝ ካለ ሌላው ቀላል ነው።

በዚህ መሐል አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይኼ የአናጢ ሥራ ነው። ሰው ሙያው ያልሆነውን ምን ያስነካዋል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ። የመጀመሪያውን ሞዴል ሮኬት በፈረንጆቹ 1954 እዚህ አጠገባችን ነብራስካ፣ ኖርፎክ ከተማ የሠራው ኦርቪል ካርላይል የጫማ ነጋዴ ነበር፤ ያውም ከወንድሙ ከሮበርት ጋር። ጫማ ነጋዴው ሮኬት ከሠራ፣ እኔ ለሮኬት ጫማ ብሠራ ምን ነውር አለው?»

ጋሼ ሳቁና «ፈቅጃለሁ» አሉ። ቀጥዬም ጎረቤት መሆናችንን ነገርኳቸው። በ1958 ቨርን ኤስቲስ የሚባል ሰው የሞዴል ሮኬት ኩባንያውን ያቋቋመው እዚሁ ዴንቨር ነው፤ ሞተሮቹን የምታመርትለትን ማሽን ራሱ ሠርቶ «ሜብል» ብሎ ስም አወጣላት። በ1961 ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፔንሮዝ ተዛወረ። አውሮራ ተቀምጦ በሮኬት ሰው መሳቅ ጎንደር ተቀምጦ በጠጅ እንደ መሳቅ ነው።

ከመሐላችን የተማረው ግን አልለቀቀኝም። «አንተ ስለ ቀለም ታወራለህ፤ ናሳ እንኳ ቀለም ትቷል!» አለ ሆዱን እያሻሸ። ወሬው እውነት ነው። ስፔስ ሻትል የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ትልቁ የነዳጅ ታንክ በ1981 በተደረጉት ሁለት በረራዎች ነጭ ተቀብቶ ነበር፤ ከ1982ቱ ሦስተኛ በረራ ጀምሮ ቅቡ ቀረና ታንኩ በብርቱካናማ መልኩ በረረ። የተረፈው ክብደት ወደ 270 ኪሎ ገደማ ነው።

«ናሳ ቀለም የተወው ክብደት ለመቀነስ ነው። አንተ ክብደት ለመቀነስ ምን ተውክ?»

እጁን ከሆዱ ላይ አነሣ። ነገር ግን ሐሳቡን አልንቅበትም፤ ቀለም ለትንሽ ሮኬትም ሸክም ነው። መቆሚያ የሚያስፈልገውም ቅቡን ለማሳሳት ነው። ጣሳውን ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቆ፣ ዘንጉን በሌላው እጅ ቀስ እያሉ እያዞሩ፣ ስስ ቅብ መርጨት፤ ማድረቅ፤ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት መዳሰስ፤ እንደገና መርጨት። የቸኮለ ሰው በአንድ ጊዜ ያጠጣዋል፣ ቀለሙ ወርዶ ክንፉ ሥር ይንጠለጠላል። ደግሞም ቀለም ለጌጥ ብቻ አይደለም፦ ሳተርን 5 የተባለው የናሳ ሮኬት ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ቅብ ካሜራ ሲከታተለው ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ መሽከርከሩን እንዲያሳይ ነው።

የአየሩን ነገር የምታውቁት ናችሁ። ኮሎራዶ ደረቅ ነው፤ እርጥበት ባለበት አገር ቀለሙን የሚያነጣው ችግር እዚህ ብዙም አያስቸግርም። ነፋሱ ግን አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ከተቀባ በኋላ መቆሚያውን ከነሮኬቱ ካርቶን ውስጥ አስገባዋለሁ።

የእህቴ ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው፣ «አጎቴ፣ ለምን ኢንተርኔት ላይ አታዝም?» አለኝ።

«እናትህም ቡና ቤት እያለ ቡና ታፈላለች። ሄደህ ለእሷ ንገራትና የምትልህን አምጣልኝ።» እስካሁን አልተመለሰም።

ሁሉንም በመልስ ሸኘሁ፤ ያልቻልኳት ባለቤቴን ብቻ ነው። ጋራዥ ገባች። አንዱ መቆሚያ ወንበር ላይ፣ ሌላው ሶፋ ላይ፣ ሦስተኛው በረከቦቱ ፈንታ። ዞር ብላ «አንተ፣ መቆሚያ ሠርተህ መቀመጫ አሳጣኸን!» ብላኝ ወጣች። ለዚህ መልስ ያለው አንባቢ ይላክልኝ።

እስከዚያው፣ ስትቀቡ የጋራዡን በር ክፈቱ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የነደደ የ24 ሚሊሜትር ሞተር ቀፎ ያላችሁም እባካችሁ አትጣሉት፤ እኔ ዘንድ ያለው የ18 ብቻ ነው።