ተራ ጠባቂው አድማጭ፦ በዋሽንግተን የብሉዝ ጃም ላይ የተካሄደ መጠነኛ ጥናት

የብሉዝ ጃም ማለት መድረኩ ለመጣ ሁሉ ክፍት የሆነበት የሙዚቃ ምሽት ነው። ሰው ጊታሩን አንግቶ ይመጣል፣ ስሙን ያስመዘግባል፣ ተራው ሲደርስ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ወጥቶ ሁለት ሦስት ዘፈን ተጫውቶ ይወርዳል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ሐበሻው በብዛት ይኖራል፤ ጃሙም እዚያው አፍንጫው ሥር ይካሄዳል። ሆኖም አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ በአማርኛ የቀረበ ሳይንሳዊ ምልከታ የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥቷል። ክፍተቱ ይሞላልኝ ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ የጥናቱን ፋይዳ አይቀንሰውም።

የጥናቱ ዘዴ አሳታፊ ምልከታ ነው። ተሳትፎው ግን በቢራ ላይ የተወሰነ ነበር፤ አጥኚው ምንም መሣሪያ አይጫወትም። ይህም በቤቱ ውስጥ ተራ ያልያዘ ብቸኛ ሰው ስላደረገው በገለልተኝነቱ ላይ ጥያቄ ሊነሣ አይችልም።

የመነሻ መረጃው የተሰበሰበው ከታክሲ ሹፌሮች ነው። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወገን ብዙ በመሆኑ ቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሹፌሮቹ ሙዚቀኛን የሚለዩት በጓዙ ነው። ጊታረኛ የዕቃ መጫኛውን ያስከፍትና ሐሳቡን ቀይሮ ጊታሩን እንደታቀፈ ከኋላ ይቀመጣል። ሃርሞኒካ ተጫዋች በኪሱ የሚገባ ዕቃ ስለያዘ እጁም አፉም ነፃ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ያወራል። ድራም መቺ ጭኖ የሚያውቅ ሹፌር አልተገኘም። ይህን መረጃ አንባቢ ለጊዜው በልቡ ይያዝልን።

ወደ ንድፈ ሐሳቡ ስንመጣ፣ የብሉዝ ዋነኛ ቅርጽ አሥራ ሁለት ሜዠር ነው፤ በእያንዳንዱ አራት ምት፣ በድምሩ 48 ምት መሆኑ ነው። ኮርዱ ሦስት ብቻ ነው፦ የስኬሉ አንደኛ፣ አራተኛና አምስተኛ። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ በሦስተኛው መልስ ይሰጥበታል። መድገሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ሊቃውንት ብዙ ሊሉ ይችላሉ፤ አጥኚው ግን ከዘፋኞቹ ፊት እንዳነበበው ሦስተኛው ስንኝ እስኪታወስ ነው። ይህ ቅርጽ በወረቀት ታትሞ እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ ደብልዩ ሲ ሃንዲ ሲሆን፣ «ሜምፊስ ብሉዝ»ን ያሳተመው በ1912 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በ1920 ሜሚ ስሚዝ «ክሬዚ ብሉዝ»ን በሸክላ አስቀረጸች፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓለም ያውቀዋል።

የቅርጹ ማነስ ጥቅም አለው። ተገናኝተው የማያውቁ አምስት ሰዎች ያለ ልምምድ አብረው መጫወት የሚችሉት ሁሉም ያንኑ 48 ምት ስለሚያውቁ ነው። መነሻ ድምፁን ለመስማማት እንኳ መነጋገር አያስፈልግም። ዘፈኑን የሚመራው ሰው ጣቱን ወደ ላይ ካነሣ በስኬሉ ያለውን ሻርፕ፣ ወደ ታች ከዘቀዘቀ ፍላት እየቆጠረ ነው፤ አራት ጣት ወደ ላይ ኢ፣ ሦስት ጣት ወደ ታች ኢ ፍላት። ጊታረኞች ክፍት ክሮቻቸው ስለሚያግዟቸው ኢ እና ኤ ይወዳሉ። ሳክስፎንና ትራምፔት ደግሞ ወደ ፍላቶቹ ያዘነብላሉ። ስለዚህ ሳክስፎን የያዘ ሰው በበሩ ብቅ ሲል በጊታረኞቹ ጠረጴዛ መጠነኛ የጸጥታ ስጋት ይፈጠራል። ሃርሞኒካዋ አሥር ቀዳዳ ያላትና ለአንድ ስኬል ብቻ የተሠራች በመሆኗ ተጫዋቹ በየስኬሉ የሚሆነውን ሰብስቦ ይዞራል፤ ዘፈኑ በኢ ከሆነ የሚያወጣው የኤውን ነው። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው ማብራሪያው ሳያልቅ ቢራው ሞቆበታል።

የተጠኚዎቹ ስብጥር ሚዛኑን የሳተ ነው። ጊታረኛ ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር ተደርድሯል፤ ድራም መቺ የለም። አንድ ድራም መቺ የገባ እንደሆነ ወንበር ይለቀቅለታል፣ መጠጥ ይታዘዝለታል፣ ስሙ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ እስኪዘጋ አይለቁትም። ይህ ሰው በታክሲ ያልታየበት ምክንያት አሁን ግልጽ ሳይሆን አይቀርም። መሸሸግ የሚፈልግ ሰው በራሱ መኪና ይሄዳል።

ብሉዝ የሐዘን ሙዚቃ ነው። ተወልዶ ያደገውም በአሜሪካ ደቡብ ጥጥ በሚለቅሙ፣ የደከሙበት በማይከፈላቸው ጥቁሮች መካከል ነው። ከ1910 እስከ 1970 ስድስት ሚሊዮን ያህሉ ከደቡቡ ተሰደው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ሲገቡ ሙዚቃውም አብሯቸው ገባ። ጊታረኛው ማዲ ዋተርስ በ1943 ከሚሲሲፒ ቺካጎ ከደረሰ በኋላ የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ተራውን ጊታር ስለዋጠበት የኤሌክትሪኩን አነሣ። ያ ሐዘን ዕዳው የተከፈለ፣ ባለቤቶቹም የታወቁ ነበሩ። ዛሬ በዋሽንግተን ጃም የሚወርሰው ማን እንደሆነ ለማጣራት አጥኚው በየጠረጴዛው ዞሯል። ውጤቱ እንዲህ ነው፦ ጠበቃ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት በጡረታ የተሰናበተ የሒሳብ ሠራተኛ። ወራሹ የቤቱን ብድር ከፍሎ ጨርሷል። ሚስቱ ጥላው አልሄደችም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የጊታሩን ሻንጣ ትጠብቅለታለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጥላው መሄዷን ይዘፍናል፣ እሷ ታጨበጭባለች። ይህ ክስተት በዘርፉ ምሁራን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ምሽቱን የሚመራው ሰው በማዕረጉ የቤቱ ባንድ መሪ ይባል እንጂ በሥራው ታክሲ ተራ ላይ ከምናውቀው ተራ አስከባሪ አይለይም፤ ልዩነቱ ዱላ አለመያዙ ነው። ደካማውን ጊታረኛ ከጠንካራ ቤዝ ተጫዋች ጋር ያጣምራል፣ ሶሎ ጀምሮ መውጫው የጠፋበትን በዓይን ያስወርዳል። ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው እንዴት ቀድሞኝ ወጣ የሚለውን አቤቱታ በፈገግታ ይሰማል፤ በዝርዝሩ ላይ ምንም አይቀይርም። የአምፕሊፋየር ጉዳይ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። አንዱ ራሴን መስማት አልቻልኩም ብሎ ድምፁን ይጨምራል፤ ጎረቤቱም በዚያው ምክንያት ይጨምራል፤ ዘፋኙን የሚሰማ ሳይኖር ዘፈኑ በክብር ይጠናቀቃል።

ዋናው ግኝት ይህን ተከትሎ ይመጣል፦ በጃም ምሽት አድማጭ የለም። የተቀመጠው ሕዝብ በጥንቃቄ ሲመረመር ግማሹ ተራ ጠባቂ ነው፤ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ የራሱን ሶሎ ይለማመዳሉ። የቀረው አሁን ከመድረክ የወረደ ነው፤ እንዴት ነበርኩ እያለ ይጠይቃል። ሚስቶችና ባሎች በተራ ጠባቂ ቤተሰብነት ተመዝግበዋል። ከመጠጥ መደርደሪያው ጀርባ ያለችው ልጅ የምታየው ሰዓቷን ነው። ጭብጨባው ግን ሞቅ ያለ ነው፤ ብድር በምድር ስለሆነ ማንም አይሰስትም።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ማለት አይደለም። አርቺ ኤድዋርድስ በ1918 በቨርጂኒያ የተወለደ ጊታረኛ ሲሆን፣ እንጀራው ፀጉር ማስተካከል ነበር። በ1959 በዋሽንግተን ሰሜን ምሥራቅ፣ በንከር ሂል በሚባለው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት ከፈተ። ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሙዚቀኞች መሰብሰቢያ ሆነ፤ ከመጡት አንዱ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ነው። ኸርት በ1928 ጥቂት ዘፈኖች በሸክላ አስቀርጾ ወደ እርሻው ተመልሶ ነበር። በ1963 አንድ ወጣት የሸክላ አፍቃሪ አቫሎን የሚባለውን የመንደሩን ስም ከዘፈኑ ሰምቶ ሄዶ አገኘውና ወደ ዋሽንግተን አመጣው፤ ሽማግሌው በ1966 እስኪሞት ድረስ ስሙ እንደገና ገነነ። (ዘፋኞቻችን አድራሻቸውን በግጥማቸው ውስጥ ቢያስገቡ ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው ለብቻው ሊጠና ይገባል።) ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ባለሙያው መቀሱን አስቀምጦ ጊታሩን ሲያነሣ፣ ፀጉሩ በግማሽ የተቆረጠው ደንበኛ ወዴት ይሄዳል? አጥኚው እንደሚገምተው በዘርፉ ታሪክ እውነተኛው አድማጭ ያ ሰው ነው። ኤድዋርድስ በ1998 ሲያርፍ ወዳጆቹ በስሙ ድርጅት አቋቁመው የቅዳሜውን ጃም ቀጠሉ፣ በኋላም ወደ ሜሪላንድ አዛወሩት። ጊታሩ ቀጠለ፤ መቀሱ አልቀጠለም።

ሐበሻ ወደ ጃም ቤት ሲገባ ሁለተኛው ዘፈን ላይ «ይሄ እኮ ትዝታ ነው» ማለቱ አይቀርም። ከፊል እውነት አለው። ሜጀር የሚባለው ትዝታ አምስቱም ድምፆቹ በብሉዝ ጊታረኞች እጅ ይገኛሉ፤ እነሱ ግን ሦስተኛዋንና ሰባተኛዋን ድምፅ ወደ ታች እየለመጡ ይጨምሩባቸዋል። ሁነኛው ልዩነት ከድምፁ ይልቅ በቤቱ ሥርዓት ላይ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ተቀበል ብሎ ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍንለታል፣ ደስ ያለው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ስልኩን የሚጎረጉር ካለ አዝማሪው ስለ ሸሚዙና ስለ ስስቱ ይገጥምበታል፤ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ያዳምጣል። በአጥኚው ግምገማ በዚህ ረገድ አዝማሪ ቤት ጃሙን በሰፊው ይበልጠዋል፤ ተራ አስከባሪዎቹ አንድ ማሲንቆ ከነባለቤቱ ቢቀጥሩ የአድማጭ እጥረቱ በአንድ ሰሞን ይቃለላል።

እስከዚያው ግን ምክረ ሐሳባችን ለአንባቢ ነው። ድራም የምትመቱ ካላችሁ ራሳችሁን ግለጡ፤ ማንም አይከሳችሁም። ጊታረኞች ራታችሁን በልታችሁ ሂዱ፤ ተራው ሩቅ ነው። ምንም የማትጫወቱ ግን ከሁሉም በላይ የምትፈለጉት እናንተ ናችሁና ከፊት ወንበር ያዙ፣ ስማችሁን የሚጠይቃችሁ የለም። ለቤቱ ባንድ በተቀመጠው ማሰሮ ውስጥ አምስት ዶላር ጣል ማድረግ አትርሱ፤ ከተጫዋቾቹ ተራ የማይጠብቁት እነሱ ብቻ ናቸው።