ስልሳ በስልሳ

ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ጊች ላይ ዋልያ ሊያይ የወጣ ሰው አንዴ ሳይዋሽ አይወርድም። እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ሲደረስ የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ጠመንጃውን ከትከሻ ትከሻ ያዛውርና በአገጩ ማዶውን ገደል ይጠቁማል። «ያውና! ከጥቁሩ ድንጋይ በስተግራ፣ ከጓሳው ሥር። አዩት መምህር?» ገደሉ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጓሳ የሌለበት ስፍራም የለም። ከወጪዎቹ አንዱ ያመጣው የጦር ሜዳ መነጽር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ተራው የደረሰው ያነሳል፣ ያጠብባል፣ ያሰፋል፤ ከኋላ የሚጠብቁት ሰዎች ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ሲሰማው «አዎ፣ አየሁት! ቀንዱ ሲያምር!» ብሎ ያስተላልፋል። ያየው የገዛ ሽፋሽፍቱን ነው።

ደባርቅ የሚያስተምረው መምህር ይህን ውሸት ይሉኝታ ብሎ ይቅር ብሎታል። ይቅር ያላለው መነጽሩ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር ነው። 60 በ60።

ከሁለቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው መነጽሩ ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስተዋት ወርድ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራል። 8 በ42 ሲባል ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ ፊቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው። መምህሩ ማስመሪያ አምጥቶ 60 የተባለውን መስተዋት ሲለካው 40 እንኳ አልሞላም። የመጀመሪያው 60 ደግሞ እውነት ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር፤ ዋልያውን 60 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም 60 እጥፍ ያጎላል። ከ10 እጥፍ ካለፈ መቆሚያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። ያን ዳገት ወጥቶ ልቡ የሚደልቅ ሰው በ20 እጥፍ ቢመለከት ዋልያው እስክስታ ሲመታ ነው የሚያየው።

ለሻጭ ይህን ማስረዳት ግን አይቻልም። «መምህር፣ እርስዎ የሚፈልጉት 8 ነው፤ ይኼኮ 60 ነው!» ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ቴሌቪዥን በኢንች፣ ስልክ በሜጋፒክስል በሚመረጥበት ገበያ 8 ይዞ መከራከር ከንቱ ድካም ነው። ሣጥኑ ላይ ደግሞ «ዴይ ኤንድ ናይት ቪዥን» የሚል አለበት፤ መስተዋቱም ደም መስሎ ቀልቷል። ቅላቱ ለሌሊት እንደሆነ ሻጩ በልጆቹ ይምላል። እንዲያውም ያ ቀይ ሽፋን የብርሃኑን ከፊል ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ለዓይን የሚተርፈው የደበዘዘና ወደ ሰማያዊ ያደላ ምስል ነው።

የብርሃኑ ነገር ማካፈል ለሚችል ሁሉ ግልጽ ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል፤ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ወርድ ይኸው ነው፣ በሚሊሜትር። በጠራራ ፀሐይ የሰው ብሌን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢከፈት ነው፤ ንጋትና አመሻሽ ላይ ግን ይሰፋል። ዋልያም ለግጦሽ ብቅ የሚለው በነዚያው ሰዓቶች ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው 8 በ21 የሚሰጠው 2.6 ብቻ ስለሆነ፣ ዋልያው ሲመጣ መነጽሩ ይመሽበታል።

አሁን ስለ መጥረግ ይወራ። መነጽር የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ገዢው ሲከፍል ብቻ ነው የእሱ የሚሆነው። ተቀባዩ ሁሉ ከማየቱ በፊት ይጠርጋል። በጋቢ ጫፍ፣ በነጠላ፣ በሹራብ እጅጌ፣ አንዳንዴም ምራቅ ባራሰው አውራ ጣት። ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር የተነሳው አቧራ ሁሉ ጋቢው ላይ አለ፤ አቧራ ደግሞ የደቀቀ ድንጋይ ነውና መስተዋቱ የተቀባውን ስስ ሽፋን ፍቆ ይጨርሰዋል። ደንቡ መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ ለዚሁ በተሠራ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማበስ ነው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ማን ይነግራል? «አባባ፣ በጋቢዎ አይጥረጉት» ማለት «ጋቢዎ ቆሽሿል» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምርቃት የለም። መምህሩ ስለዚህ ዝም ብሎ ጥርሱን ይነክሳል።

በቀኝ ዓይን በኩል ያለችውስ ቀለበት? የሁለቱን ዓይኖች ልዩነት የምታስተካክል፣ ባለቤቱ አንዴ ለክቶ ዳግመኛ የማይነካት ነበረች። እሷን ሳያዞር የሚመለስ እጅ አልተገኘም። በቅሎ ጫኚው አዙሮ «ብዥ አለ» ይላል፤ አስጎብኚው መልሶ ያዞርና ይብስ ያደበዝዘዋል። አራቱ ክዳኖች አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ወርደዋል። አንድ ልጅ ገልብጦ ያየና «ውይ፣ ሸሸ!» ሲል ሁሉም ይስቃል። ሌላው ደግሞ አራት እርምጃ ላይ ተቀምጦ ሣር የሚነጨውን ጭላዳ በመነጽር ያየዋል፤ ጭላዳው ለሰው ግድ የለውም፣ በባዶ ዓይን ጥርሱ ይቆጠራል፣ በመነጽር ግን ጠጉር ብቻ ነው። ተራው ዞሮ መምህሩ ጋ ሲደርስ ከቆላው ጉም ተነሥቶ እሜት ጎጎን ሸፍኖታል። ጉሙ መነጽሩም ውስጥ ገብቷል፤ ርካሹ አልታሸገም፣ ደህናው ግን እርጥበት እንዳይገባው በናይትሮጅን ተሞልቶ ይታሸጋል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው መምህሩን አያስቀውም።

የካርል ዛይስ ኩባንያ ፕሪዝም ያለውን መነጽር የና ከተማ ውስጥ ሠርቶ ለገበያ ያወጣው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓድዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፏል። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን አንዱ ነበር። ዋልያ የብሔራዊ ቡድኑ ስም ነው፤ ቢራም ተሰይሞበታል። ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ተማሪ ግን ዋልያን ከጠርሙሱ ላይ ካልሆነ የት አየው? ስካውቱ ጠመንጃ ተሰጥቶታል፤ የሚጠብቀውን እንስሳ ማዶ ለማዶ የሚያይበት መነጽር አንገቱ ላይ ማየት ግን ብርቅ ነው። ወፍ ሊያይ ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ አስጎብኚዎች አስቀድመው ከሚነግሩት ነገር አንዱ መነጽሩ ቦሌ ላይ ሊያዝበት እንደሚችል ነው። ጥርጣሬው ከምንም አልመጣም፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ አፋፍ ላይ መነጽር ይዞ የቆመን ሰው «የምን ወፍ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ይሁን። ታዲያ 100 እጥፍ ያቀርባል ተብሎ የተሸጠ ስልክ በኪሱ የያዘው ለምን ሰላምታ ተሰጥቶት ያልፋል? ስምንቱ ያስፈራል፣ መቶው አያስፈራም?

የጊች ሰዎችስ? ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ቆይቷል። እንዲያገግም ተብሎ መንደሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ወረደ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ሣሩ እንዳገገመ የሚክድ የለም። ነገር ግን ገብሱን እያጨደ ቀና ሲል የዋልያን ቀንድ በባዶ ዓይን የሚለይ ሕዝብ ነበር፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ ነው። ከደባርቅ ሆኖ ጊችን ለማየት ስንት በስንት ያስፈልጋል? ለዚህ 60 በ60 አልተሠራለትም፤ መካከል ላይ ተራራ አለ።

ደባርቅ ተመልሰው ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ መምህሩ በረድ ይላል፤ ወሬውም ወደ ዋጋ ይዞራል። አሜሪካ ያለችው የአክስቱ ልጅ ምን ላምጣልህ ብላዋለች። እሱም ከሦስቱ አንዱን ብሏታል፦ ኒኮን ፕሮስታፍ ፒ3፣ ሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ ወይም ቮርቴክስ ክሮስፋየር፤ ሁሉም 8 በ42፣ ሁሉም የታሸጉ፣ ሁሉም ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ የሚገኙ። 150 ዶላር የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ሂሳብ 8,500 ብር ግድም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ15,000 አልፏል። አንድ የሥራ ባልደረባው ከደርግ ጊዜ የተረፈ የሶቪየት 8 በ30 ቢገኝ ይሻላል፣ ከባድ ቢሆንም ፕሪዝሙ ሐቀኛ ነው ይላል። ሌላው በ2024 እ.ኤ.አ. ስለወጣው የስዋሮቭስኪ መነጽር አንብቦ መጥቷል፤ ከ4,000 ዶላር በላይ ያወጣል፣ ያነጣጠሩበትን ወፍ ስም ጽፎ ያሳያል። የስሜን ስካውት ይህን ያለ ባትሪ ይሠራዋል፤ ወፉ አምና የት ጎጆ እንደሠራም ይጨምርበታል።

የአክስቱ ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ልካለች፤ አረንጓዴ ይሁን ወይስ ጥቁር? አረንጓዴው ቦሌ ላይ ወታደር ያስመስላል የሚል ወገን ተነሥቷል። ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ይግላል የሚልም አለ። ስካውቱ ሲጠየቅ 10 በ42 ይሁን አለ፤ ማንም ስለ ቁጥር አልጠየቀውም ነበር፤ ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። እሷ የምትሳፈረው ሐሙስ ነው።