የኋላ ወንበሩን አንሱልን

እኛ የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪና የጌዶ ሰዎች አሮጌ ቮልስ መግዛት ስንፈልግ ገበያችን ቴሌግራም ነው። ማታ ከሥራ ገብተን፣ ኔትወርክ ካለ፣ ፎቶ ስናገላብጥ እናመሻለን። ፎቶው ሁሌም ያው ነው። ታጥባ፣ ቸርኬዋ ተወልውሎ፣ በጎን በኩል የተነሳች ቮልስ። ከሥሯ «በጣም ንጹህ፣ ምንም ወጪ የማትጠይቅ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል።

በውስጥ መስመር እንጽፋለን። «ይደውሉ» ይሉናል። እንደውላለን። የሚያነሳው ደላላ ነው። መኪናዋ የት ናት ስንለው «ባለቤቱን ልጠይቅ» ይላል። ባለቤቱ የተባለውም ሌላ ደላላ ሆኖ ይገኛል። ስለ አንዲት መኪና ከሦስት ሰው ሦስት ዋጋ ሰምተን እንተኛለን።

ፎቶ ጨምሩልን እንላለን። የፊት መብራቷን ይልካሉ። መሪዋን ይልካሉ። ቴፗን ይልካሉ። እኛ የምንፈልገው ግን ሌላ ነው። ቮልስ የምትበሰብሰው ከሥር ነው። ባትሪዋ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ የወለሉን ላሜራ ይበላዋል። የሻንሲ ቁጥሯም እዚያው ወንበር ሥር፣ በመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ነው የተመታው። አንድ ወንበር ቢነሳ የሁለት ጥያቄ መልስ ይገኛል። ይህን ፎቶ የላከልን ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ እንሄዳለን። ከአምቦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ገና ሳይነጋ፣ መካኒክ ይዘን፣ የመካኒኩን ትራንስፖርት፣ ምሳና የቀን ሒሳብ ችለን። ሆለታ ስንደርስ ስልክ ይጠራል፦ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው፣ ቶሎ በሉ!» አስኮ ስንወርድ ያው ስልክ ዝግ ነው። ሁለት ሰዓት ቆመን እንጠብቃለን። ሲመጡም «ዕጥበት ላይ ነበረች» ይሉናል። ማን እጠቡልን አለ?

ባለፈው መካኒካችን ወንበሩን ብድግ ሲያደርገው ከሥሩ አዲስ ምንጣፍ አገኘ። ምንጣፉን ገለጠው። የጣሪያ ቆርቆሮ ተቆርጦ በማስቲሽ ተለጥፏል፣ ላዩም ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ቆርቆሮው ወደ ታች ሄደ፤ በቀዳዳው ከሥር ያለው ኮብልስቶን ታየን። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የሞተሩን ክዳን ከፈተ፣ ፑሌጃውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ገፋ ሳብ አደረገው። ቋ፣ ቋ አለ። ያ ድምፅ ሞተሩ ወርዶ መፈታት እንዳለበት ይናገራል። ሻጩ «እሱ የዕድሜ ነው» አለን። ዕድሜዋንማ እኛም እናውቃለን፤ «ምንም ወጪ የማትጠይቅ» ያለው እሱ ነው።

ሊብሬውም የራሱ ጣጣ አለው። መኪናዋ ቀይ ናት፣ ሊብሬው ክሬም ይላል። በሊብሬው ላይ ያሉት ሰው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው አልተስማሙም፣ የሚሸጠው ሰው የያዘው የውክልና ውክልና ነው። ይህንንም የምንሰማው ቀብድ አምጡ ከተባልን በኋላ ነው።

ተዉት፣ ሌላ ግዙ የሚሉን አሉ። ምን እንግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የቤት መኪና ማስገባት ቀረ። አገር ውስጥ የቀረች አሮጌ ሁሉ ተወደደች። ቮልስን ሜክሲኮ ያለው ፋብሪካ እንኳ የመጨረሻዋን ካወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደግሞ እንወዳታለን። ራዲያተር የላት፣ ውሃ አትለምን፣ ካርበራተሯን ማንም የሠፈር መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል። አባቶቻችን የነዷትን ብንፈልግ ነውር የለውም።

ቀዳዳ ያላትን አንገዛም አላልንም። አምቦ ጎበዝ በያጅ ሞልቷል፣ ላሜራም ይገኛል። ወንበሩን አንሱና በቀን ብርሃን አንድ ፎቶ ላኩልን። ቀዳዳውን አይተን፣ የብየዳውን ቀንሰን፣ ዋጋ እንነጋገራለን።