ብርዱስ የፈጣሪ ነው

ትንንሽ ልጆች ይዞ ከደብረ ማርቆስ ዘንገና ሐይቅ ለሽርሽር የሄደ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲፈልጥ የዋለ ሰው ነው የሚመስለው። ሐይቁ ውብ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ደኑ ዙሪያውን ከቦታል፤ ውሃው ጠቆር ብሎ እታች ተኝቷል። ግን ያንን ውበት ቁጭ ብሎ የሚያየው ልጅ ያልያዘ ሰው ነው።

መከራው የሚጀምረው ከቤት ነው። «በጠዋት እንውጣ» ይባልና 12 ሰዓት ተቀጣጥረን የምንነሳው 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አንዱ ነዳጅ አልቀዳም፣ አንዷ ልጇን ገና እያጠበች ነው፣ የባል ወንድም ቁርስ ሳይበላ ንቅንቅ አይልም። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከቤተሰብ ጋር ከከተማ መውጣቱ ራሱ ብርቅ ስለሆነ፣ አንድ ሰላም ቀን ሲገኝ ዘመድ ሁሉ በአንድ ሚኒባስ ይጫናል። በሦስት ሰው ወንበር አምስት ሆነን፣ ልጅ በጭን፣ አገልግል በእግር መሃል።

ደንበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ እያልን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጓዛለን። ፍኖተ ሰላም ዝቅ ያለ አገር ነውና ይሞቃል፤ ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው ይወረውራሉ። ቡሬን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ብርዱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሹራብ ፍለጋ ከወንበር ሥር መግባት የማን ሥራ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንዱ ያስመልሰዋል። አንዷ ሽንቴ መጣ ትላለች፤ አሁን ቆመን ነበር እኮ!

ስንደርስ ቀትር አልፏል፤ ነፋሱም ተነስቷል። ዘንገና 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ስንመጣ ከብርድ ወደ ብርድ ነው የሄድነው። ይህንን አልወቅስም፤ ብርዱስ የፈጣሪ ነው። ሐይቁ የጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ብቻ እየረገጠ የሚጫወትበት ረጋ ያለ አሸዋ የለውም፤ ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል። የእናት ዓይን ከዚያ ውሃ ላይ ለአንድ ደቂቃ አይነሳም።

የልጆቹ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። በቴሌቪዥን ልጆች በቁምጣ አሸዋ ሲቆፍሩ፣ ማዕበል ሲያባርሩ አይተዋል። ባሕር ዳር የሄዱት ደግሞ ጣናን ያውቃሉ፤ ያ ሞቅ ያለ አገር ነው። ውሃ ካለ ይገባበታል ብለው ነው የሚመጡት። እንቢ ስትያቸው ያለቅሳሉ፤ እሺ ስትያቸው ይረጥባሉ።

የአራት ዓመት ልጅ አንድ እግሩን ነክሮ ተንሸራተተና በቂጡ ተቀመጠ እንበል። ሱሪው እስከ ወገቡ ርሷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ «አልበረደኝም!» ይላል። የመኪናውን በር ከፍተሽ በጀርባሽ ነፋሱን እየጋረድሽ ልትቀይሪለት ትሞክሪያለሽ። እርጥብ ጅንስ ከልጅ ጭን ላይ አይወርድም፤ ጉልበቱ ላይ ደርሶ ይጠመጠማል። ጣትሽ ደንዝዞ ቁልፉን መያዝ ያቅተዋል። አንዱን ካልሲ ስታገኚ ሌላው ጭቃ ውስጥ ነው። በዚህ መሃል ቀና ስትዪ ታናሿ ወደ ውሃው እየወረደች ነው፤ አባትየው ፎቶ እያነሳ ነው።

ሌላው የሚያስቸግረኝ የፀሐዩ ነገር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል። ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ ጉንጫቸው ይላጣል፤ ማታ ቫዝሊን ስቀባቸው ይጮኻሉ። በብርድ ቀን ኮፍያ አድርጉላቸው ብዬ ስለምን ደግሞ የሚሰማኝ የለም።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ሌሊት ተነስቼ የሠራሁት ወጥ አገልግሉ ሲከፈት ረግቶ ቅባቱ ከላይ ነጭ ሆኖ ይቆያል። እዚያው ሻይ እናፍላ ከተባለ በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፤ ነፋሱ እሳቱን እየበተነ ገና ሳይጠጣ ይበርዳል። ሁሉንም አጉርሼ፣ አፍ ጠርጌ፣ ለራሴ ስቀመጥ የሚጠብቀኝ የደረቀ እንጀራ ጠርዝ ነው። ከዚያ «ልጁን ብርድ አስመታሽው እኮ» የሚለው ይመጣል። የሚሉት ደግሞ ጠዋት «ተይው፣ ይጫወት፣ ምን ይሆናል!» ሲሉ የነበሩት ናቸው።

መጸዳጃ ቤቱንማ ምን ልበል? በአገራችን ሐይቅና ምንጭ ዳር ሕፃን ይዞ የሚገባበት ንጹሕ መጸዳጃ፣ እጅ የሚታጠቡበት ውሃ፣ ነፋስ የሚከልል አንድ ግድግዳ ማግኘት ዛሬም ዕድል ነው። ሴት ልጅ ይዘሽ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ትዞሪያለሽ፤ ከቁጥቋጦው ሥር ደግሞ ቀድሞሽ የመጣው ሰው የጣለው ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የተሰበረ የቢራ ጠርሙስ አለ። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ እንዳለ ማን ያስብ? አጠገባችን የቆመ መኪና አራቱንም በር ከፍቶ ዘፈን ያጮኻል፤ ሕፃኑ በስንት መከራ ከተኛ በኋላ።

ልጆቹ ግን ማታ «መቼ ነው እንደገና የምንሄደው?» ማለታቸው አይቀርም። እኔም አልሄድም አልልም፤ ሐይቁ የእነሱም ነው። ግን በ12 ሰዓት የተባለው በ12 ሰዓት ይሁን፤ ነፋሱ ሳይነሳ እንድረስ። በሚኒባሱ ልክ ሰው ይጫን። ቆሻሻውን ያመጣው ሰው ይዞት ይመለስ። «ልጁን አንዴ ያዝልኝ» ስል «ቆይ፣ መጣሁ» አልባል። አንድ ቀን እንኳ የእኔም ሻይ ሳይበርድ ልጠጣው።