የዕድራችን ኋላ ቀርነት

ዕድራችን ይከፍላል። ነውሩን ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ደብረ ብርሃንን በሚያህል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተተከለበት፣ ብርድ ልብስና ቢራ በሚመረትበት ከተማ፣ ዛሬም ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ አግዳሚ ደርድሮ ገንዘቡን የሚያስረክብ ዕድር አለ። ባለፈው ጥር የሰፈራችን ሽማግሌ በ84 ዓመታቸው ሌሊት ላይ አረፉ። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ። ከቀብር መልስ፣ ንፍሮው ሳይበርድ፣ ጸሐፊው ብሩን ለልጃቸው ሰጥቶ "ቁጠሪው እህቴ" አላት። መዝገቡ ላይ አስፈረማት፣ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። በቃ። ሰውየው በእርግጥ ስለመሞታቸው ማስረጃ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

አፈርኩ። እኔ ሥልጣኔ ምን እንደሚመስል ከወንድሜ ሚኒባስ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቷል፤ አረቦኑን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ከዕለታት አንድ ቀን ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ አፍ አጠገብ፣ ጉም ውስጥ ከቆመ አይሱዙ ጋር ተላተመ። ሰው አልተጎዳም። የፊት መብራቱ፣ ኮፈኑና ራዲያተሩ ግን አለቀላቸው።

ኩባንያው (ስሙ ይቆየን፤ የተከበረ ነው) ጉዳዩን በእርጋታ ያዘው። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ይምጣ አለ፤ መጣ። የሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ይምጣ አለ፤ መጣ። ኢንስፔክተሩ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሳምንት ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ለጤናም ደግ አይደለም። ደርሶ ሚኒባሱን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና፦

"ጉሙ ከግጭቱ በፊት ነበር?" አለ።

"ኧረ ጌታዬ፣ ጉሙ ከአያቴም በፊት ነበር!" አለ ወንድሜ።

ኢንስፔክተሩ ይህን ጻፈው። ወንድሜ እንደ ቀልድ ተናግሮ ነበር፤ ፋይል ግን ቀልድ አያውቅም። መድን የሚገባው ላልታሰበ አደጋ ነው። ጉሙ ከአያት ጀምሮ መኖሩን እያወቀ የገባ ሰው ድንገት ደረሰብኝ ሊል በምን አፉ? "አስፈላጊውን ጥንቃቄ አላደረገም" ተባለ።

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ "ይከፈለው" ሲባልም ትምህርቱ አላበቃም። የእርጅና ቅናሽ ተነሳ። ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ተነሳ። የተሰበረው መብራት ስብርባሪ የኩባንያው ነውና ይመለስ፣ አለዚያ ዋጋው ይነሳ ተባለ። ፕሮፎርማው ሲጻፍ የነበረው የራዲያተር ዋጋ ቼኩ ሲጻፍ የት እንደደረሰ ደግሞ ሱቅ የጠየቀ ያውቀዋል። በሰባተኛው ወር ቼኩ ሲሰጠው ወንድሜ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። የገዛ ገንዘቡን! ዕድራችን ሰውን እንዲህ አድርጎ ምስጋና ሊያስተምር ይችላል? አይችልም፤ ቶሎ ይከፍላላ።

ለነገሩ ጥበቡ ለሸዋ እንግዳ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ፣ ያ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ፣ ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ ጠመንጃ በግመል ጭኖ አንኮበር ገባ። ገዢው ንጉሥ ምኒልክ እንጦጦ ናቸው ተባለና እንጦጦ ድረስ ተከተላቸው። እዚያ የጠመንጃው ዋጋ ተቀነሰ። ከተቀነሰው ላይ የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ተነሳ። የተረፈችውን ደግሞ ሐረር ሄደህ ከአገረ ገዢው ከመኮንን ተቀበል ተባለ። ዋጋ መቁረጥ፣ ዕዳ ማንሳት፣ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መላክ፤ ምን ቀረ? በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ሲሸጥ የሠለጠነ ሕዝብ ነው የጠበቀው። ራምቦ ከወንድሜ የሚለየው አረቦን ባለመክፈሉ ብቻ ነው።

ሕጉም ቢሆን ሰውን አልረሳም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ ተገጭቶ ለሞተ አንድ ሰው የሚከፈለውን ከ5,000 ብር ያላነሰ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ሲያደርግ ለንብረት ጉዳት ጣሪያውን 100,000 ብር አድርጎት ነበር። ጣርማ በር ላይ አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ቢበጠስበትና በጎቹን የሚነዳ እረኛ ገጭቶ፣ አልፎ የቆመ መኪና ቢመታ፣ መኪናው በጣሪያው የእረኛውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያወጣ ነበር። ብልህ ቤተሰብ ቢሆን አባወራውን በንብረትነት ያስመዘግበው ነበር።

ሥልጣኔው ጫፍ የደረሰው ግን አሜሪካ ነው። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ለእናቱ በስልክ ሲያስረዳ አጠገቧ ነበርኩ። የጤና ኢንሹራንስ አለው፤ ከደሞዙ በየወሩ ይቆረጣል። ሆኖም በዓመቱ መጀመሪያ ብዙ ሺህ ዶላር ከኪሱ ከፍሎ ሳይጨርስ ኩባንያው ለአብዛኛው ሕክምና አይከፍልም።

"ከፍለህ ከጨረስክማ እነሱ ምን ሊከፍሉ ነው ልጄ?" አለች አክስቴ።

"ከዚያ በኋላ ካመመኝ፣ እማዬ።"

"እሱስ ገንዘቡን ስትከፍል ያምህ የለ?"

ሐኪሙ ያዘዘለትን ምርመራም ኩባንያው አስቀድሞ ካልፈቀደ አይሸፍንለትም። ፈቃጁ በሽተኛውን አይቶት አያውቅም። አክስቴ ይሄን ሰምታ አማተበች። እዚያ አገር እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ "ድሮውንም ሕመም አለብህ" ብሎ ሰውን መመለስ ለብዙዎቹ የጤና መድን ሻጮች የተፈቀደ ነበር። ነገሩ ሲታሰብ ትክክል ነው፤ ለበሽተኛ የጤና መድን ከሸጡ ሊታከም ይችላል።

እኛ ጋ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጀማሪዎች ስለሆንን ገና እንዲህ አልረቀቅንም። ደብተሩን ይቀበሉሃል፣ ይመረምሩሃል፣ መድኃኒቱ ላይ ስትደርስ "የለም፤ ከውጭ ግዛ" ይሉሃል። ተስፋ ሰጪ ነው።

ይህን ሁሉ አሰላስዬ ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ማሻሻያ አረቀቅኩ። ከእንግዲህ ለሬሳ ሣጥን የሦስት አናጢ ፕሮፎርማ ይቅረብ። ሟች የዕድሩ አባል ከመሆናቸው በፊት ሟች የመሆን ዝንባሌ እንዳልነበራቸው ቤተሰብ ያረጋግጥ። የእርጅና ቅናሽ ይነሳ፤ በዚህ ስሌት የ84 ዓመቱ ሽማግሌ ቤተሰብ ለዕድሩ ተመላሽ የሚያደርገው ገንዘብ ሳይኖር አይቀርም። በብርድ የሞተ አይካተት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ከአያቴም በፊት ስለነበር ድንገተኛ አይደለም። ልቅሶ ላይ የቀረ ንፍሮ ስብርባሪ ነውና ለዕድሩ ይመለስ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን አነበብኩት። የሳቀ የለም። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፦

"ጥሩ ነው ልጄ። ገንዘቡን ካልከፈልነው ታዲያ ምን እናደርገዋለን?" አሉ።

"ትርፍ ይሆናል፣ ጋሼ።"

"የማን ትርፍ?"

መልስ ሳዘጋጅ ከታች ሰፈር ጥሩምባ ተነፋ። ሁሉም ብድግ አለ፤ ማን እንደሞተ እንኳ ያልሰማው ሰው ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠ። አንዱ መጥቶ የድንኳኑን ምሰሶ ትከሻዬ ላይ ጣለው። ሪፎርሜን ኪሴ ከትቼ ተከተልኳቸው፤ ለቅሶ መቅረት ያስቀጣል፤ ያን ቅጣት የሚሸፍን ኢንሹራንስ ደግሞ የለኝም።